መኪናዋ ለምን ወደ ታች ትነዳለች?

መነሻው ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ለንደን ነው። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ቆጣቸውን ሲያጸዱ ከካርቶን ውስጥ ጥቁር ነገር አውጥተው ትፈልጋለህ ወይ አሉኝ። ኮምፒውተር መሆኗን ያወቅኩት ስሟን ሳነብ ነው። ሲንክሌር ዜድኤክስ 81። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣች ናት። ከደብተር ብዙም አትበልጥም። ቁልፎቿ ከፍ ዝቅ አይሉም፤ ፕላስቲክ ላይ የተሳሉ ናቸው። ያኔ ተሠርታ ያለቀችው በ69 ፓውንድ ከ95 ፔንስ፣ ብየዳውን ራስህ የምትጨርሳት ደግሞ በ49 ፓውንድ ከ95 ትሸጥ ነበር። ሜሞሪዋ 1 ኪሎባይት፣ ማለትም 1,024 ባይት ነው፤ አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል ቢይዝ ነው። ይህ የምታነቡት ጥያቄ ራሱ አይገባባትም።

ከካርቶኑ ግርጌ የተቀዳደደ መጽሔት አገኘሁ። ውስጡ የመኪና ውድድር ጨዋታ አለ፤ 15 መስመር እንኳ አይሞላም። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ የሃሽ ምልክት (#) ነው። መኪናዋ ቪ የምትባለው የላቲን ፊደል ናት። 5 ቁጥርን ስትጫን ወደ ግራ፣ 8ን ስትጫን ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ጠርዙን ከነካች አለቀ።

ያልገባኝ ይኸው ነው። መኪናዋ ያለችው ከስክሪኑ ጫፍ፣ ከላይ ነው። መንገዱ የሚመጣው ከታች ነው። እኛ የለመድነው ደግሞ ከታች ሆኖ ወደ ላይ መንዳት ነው። ይህ ፍሬን የተበጠሰበት ሚኒባስ ከእንጦጦ ሲወርድ ነው የሚመስለው። የእኔ ግምት የጻፈው ሰው ሆን ብሎ ቁልቁለት ሊያስመስለው ፈልጎ ነው የሚል ነው። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

(የመጡትን መልሶች በየተራቸው፣ በራሴ አባባል አሳጥሬ አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ግምቴ እንዳልተዋጠለት ያስታውቃል፤ ግን አላሾፈብኝም። ነገሩ የምርጫ ሳይሆን የግድ መሆኑን ነው ያስረዳኝ። በዚያች ማሽን የፕሮግራም ቋንቋ፣ በቤዚክ ውስጥ ስክሮል የምትባል ትእዛዝ አለች። የምታውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ መስመር ወደ ላይ ትገፋና ከታች ባዶ መስመር ትከፍታለች። ወደ ታች የምትገፋ እህት የላትም። ስለዚህ አዲስ መንገድ የሚወለደው ከታች ብቻ ነው። መኪናዋን ከታች ብታስቀምጣት መንገዱ አፍንጫዋ ሥር ይፈነዳባታል። ከላይ ስትሆን ግን ከአሥር በላይ መስመር ከፊቷ ይታያታል። መኪናዋ ግራና ቀኝ ከማለት በቀር ንቅንቅ እንደማትል፣ የሚሮጠው መንገዱ እንደሆነም ጨመረልኝ።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

መልስ 2

ጡረታ የወጡ የኮምፒውተር መምህርት ናቸው። መጀመሪያ መልስ 1ን አመሰገኑ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ያቺ ማሽን የሃሽ ምልክት የላትም። ቃለ አጋኖም የላትም። ትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደልም የላትም። ያላት 64 ምልክትና የእነሱ ግልባጭ፣ ማለትም ጥቁር ላይ ነጭ የሆነው፣ ብቻ ነው። ታዲያ ሃሹን ከየት አመጣኸው አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። ሃሹን ያየሁት ሌላ ኮምፒውተር ላይ በተሠራ ተመሳሳይ ጨዋታ ነበር። የቤት ሥራውን ኮርጆ እንደተያዘ ተማሪ አፈርኩ።

መልስ 3

ይህኛው አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ስልኩ ላይ ቢጫን በ10 ሴኮንድ እንደሚያጠፋው። ስድስት ሰው ወደደለት።

መልስ 4

አባቱ ለትምህርት ሊድስ ሄደው ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ በነበረበት ጊዜ ይህ መላሽ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ጊዜው 1982 ነው። ቤታቸው የገባችው ባለ 1 ኪሎባይቷ ናት። ቴሌቪዥኑ አንድ ስለሆነ አባትየው ዜና አይተው እስኪጨርሱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እሱም እንደኔ ከመጽሔት ላይ የመኪና ጨዋታ ይገለብጣል። ይነዳል። ጥሩ ይሄዳል። ከዚያ በድንገት፣ ጠርዝ ሳይነካ፣ ጨዋታው ቀጥ ይልና ከታች በግራ በኩል 4 ቁጥር ብቅ ይላል። አንዳንዴ በግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ። ማሽኗ ተበላሽታለች ብሎ አልቅሶ አባቱ ወደ ገዙበት ሱቅ ወሰዷት። ሱቁ ሞክሮ ምንም የለባትም ብሎ መለሳት። ቤት ስትገባ እንደገና 4።

ምክንያቱን ያገኘው ወራት ቆይቶ ነው። 4 ማለት ሜሞሪ አልቋል ማለት ነው። ሜሞሪውን የሚበላው ደግሞ መንገዱ ነው። መንገዱ ወደ ግራ ሲጠጋ ጨዋታው ዕድሜ አለው። ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ይሞታል። ልጁ ይህን እንደደረሰበት መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ልቡ ይመታ ጀመር። የሚፈራው ጠርዙን ሳይሆን የማሽኗን ሆድ ነበር።

ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። እውነተኛ ገደል ያለበት የመኪና ጨዋታ።

መልስ 5

አጭር ጥያቄ። ባዶ ቦታ እንዴት ሜሞሪ ይበላል? መንገዱ ግራ ሆነ ቀኝ፣ ያው ሁለት ጥቁር ሳጥን አይደለም ወይ?

መልስ 6

አዲስ አበባ የምትኖር የሶፍትዌር መሐንዲስ ናት። ረጅም ጽፋለች፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ ልውሰድ። የስክሪኑ ምስል የተለየ ቤት የለውም። ፕሮግራሙ በተቀመጠበት በዚያው ሜሞሪ ውስጥ ይኖራል። ስክሪኑ 24 መስመር ነው፤ እያንዳንዱ 32 ምልክትና አንድ የመስመር መጨረሻ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ የምትመጣ አንዲት ባይት ተጨምራ 793 ባይት ይሆናል። ማሽኗ ለራሷ ማስታወሻ 125 ባይት ትወስዳለች። ከ1,024 ላይ ሁለቱን ብትቀንስ የሚተርፍህ 106 ባይት ነው። በ106 ባይት ምን ይጻፋል?

ስለዚህ ሠሪዎቹ ዘዴ ዘየዱ። ሜሞሪው ትንሽ ሲሆን ባዶ መስመር ሙሉውን አይያዝም። የመስመር መጨረሻዋ አንድ ባይት ብቻ ትቀመጣለች። አንድ ነገር ስትጽፍበት ግን ከግራ ጠርዝ እስከዚያ ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ይሞላል። የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ 19ኛው ቦታ ላይ ቢሆን መስመሩ 20 ባይት ነው። 29ኛው ላይ ቢሆን 30። ፕሮግራም በሚጽፍባቸው 22 መስመሮች ሲባዛ አንዱ 440፣ ሌላው 660 ይሆናል። ፕሮግራሙ 300 ባይት ከሆነ ሁለተኛው አይገባም። የመልስ 4 ልጅ ያየው ይህንኑ ነው።

ቀጥላ ስለ ቁጥሮች አወራች፤ እዚህ ጋ ነው ጉዱ። በዚያ ቤዚክ ውስጥ 0 ብለህ ስትጽፍ 7 ባይት ይሄዳል። አንዱ የሚታየው ዜሮ ነው፤ ስድስቱ ከጀርባው የተደበቀው የቁጥሩ ሌላ ቅጂ ነው። ፓይ ግን አንድ ቁልፍ፣ አንድ ባይት ነው። ኖትም፣ ዜሮ ያልሆነን ቁጥር ዜሮ የምታደርገው ትእዛዝ፣ አንድ ባይት ናት። ኖት ፓይ ብለህ ስትጽፍ ውጤቱ ዜሮ ሆኖ 2 ባይት ብቻ ይወስዳል። 1 ቁጥር ሲያስፈልግ ኤስጂኤን ፓይ፣ ማለትም የፓይ ምልክት ፖዘቲቭ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ። ሦስት ሲያስፈልግ የፓይ ሙሉ ቁጥሩን መውሰድ። መጽሔቱ ላይ ፓይ እንደ ጨው የተነሰነሰበት ምክንያት ይኸው ነው። እኔማ ክብ ነገር የሚያሰላ መስሎኝ ነበር!

መልስ 7

ከዚህ ጀምሮ አየሩ ተቀየረ። ይህ መላሽ በቀጥታ ድህነት እያቆነጃጃችሁ ነው አለን። ዜሮ ለመጻፍ ፓይ የሚያስለምን ማሽን መጥፎ ማሽን ነው፤ የምን መደነቅ ነው? በ1982 ኮሞዶር 64 ወጥቷል። 64 ኪሎባይት፣ 16 ቀለም፣ በስክሪኑ ላይ በነፃነት የሚንሳፈፉ 8 ሥዕሎች፣ እውነተኛ ድምፅ። ሰው ይህ እያለ ጥቁር ሳጥን ላይ ቪ ይነዳል? በመጨረሻም የመልስ 4ን አባት ትንሽ ነካ አደረጋቸው፤ ገንዘብ አስቀምጠው ደህናውን መግዛት ይችሉ ነበር ብሎ። ይህን ባይል ይሻል ነበር።

መልስ 8

መልስ 4 ራሱ ተመልሶ መጣ። በአክብሮት ነው የጀመረው፤ በአክብሮት ግን አልጨረሰም። ኮሞዶሩ ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር እንደነበር አስታወሰ። ለተማሪ ቤተሰብ ያ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አባቱ ከኪሳቸው ያወጡት 70 ፓውንድ የማይሞላ ነው፤ እሱም ለክረምት ካፖርት የተቀመጠ ነበር። ያኔ ያልተወለደ ሰው ስለ አባቱ ኪስ ባይናገር ደስ እንደሚለው ገልጾ ሄደ። መልስ 7 ያኔ ተወልዶ ይሁን አይሁን አናውቅም። ዝም ማለቱን ግን አየን።

መልስ 9

ኮሞዶር ያደገበት ሌላ ሰው ነው። የወገነው ግን ለራሱ ማሽን አልነበረም። በኮሞዶር ቤዚክ የሚጻፈው ተራ የመኪና ጨዋታም መኪናውን ከላይ እንደሚያደርግ ተናገረ። እዚያ ስክሮል የሚባል ትእዛዝ እንኳ አያስፈልግም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትጽፍ ስክሪኑ ራሱ ሽቅብ ይሸሻል። በዜድኤክስ 81 ግን ስክሪኑ ሲሞላ ፕሮግራሙ 5 ቁጥር ያሳይህና ይቆማል፤ ለዚህ ነው ስክሮልን በየዙሩ መጥራት የሚያስፈልገው። ስለዚህ መልስ 7 ቀለምና ድምፅ ቢኖረውም፣ በቤዚክ ከጻፈ እሱም ቁልቁል ነው የሚነዳው።

መልስ 10

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው። የእሱ በአሜሪካ የተሸጠችው ዝርያ ናት፤ ታይሜክስ ሲንክሌር 1000፣ በ1982 በ99 ዶላር ከ95 ሳንቲም። እሷ 2 ኪሎባይት ነበራት። ስለዚህ መንገዱ እስከ ቀኝ ጥግ ቢሄድም አይደነግጥም ነበር። እንደ ሀብታም ነው የተሰማኝ አለ። መልስ 4 ወደደለት።

መልስ 11

እኔ ልጠይቅ ሲገባኝ ያልጠየቅኩትን የጠየቀው ይህ ነው፤ ራሱም መለሰው። እሺ፣ ስክሮል ወደ ላይ ብቻ ትገፋለች። ግን ለምን ወደ ላይ? ኮሞዶርም፣ አፕልም፣ ሲንክሌርም ሳይመካከሩ እንዴት አንድ ሆኑ? መልሱ ወረቀት ነው አለ። ከስክሪን በፊት ኮምፒውተር የሚያወራው በቴሌታይፕ ነበር። በ1963 የወጣው ሞዴል 33 በሴኮንድ 10 ፊደል ይመታል። ጥቅሉ ወረቀት ከጀርባ ይገባል፤ የተጻፈው ወደ ላይ ይወጣል፤ አዲሱ መስመር ሁልጊዜ ከታች ነው። ስክሪን ሲመጣ ይህንኑ እንዲያስመስል ተደረገ። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ስክሪኖች የመስታወት ቴሌታይፕ ይሏቸው ነበር። በአጭሩ የእኔ መኪና የምትሮጠው መንገድ ላይ አይደለም። ከማተሚያ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነው።

መልስ 12

ከዚህ በኋላ ከርዕስ ወጣን። አንዱ ስክሮል ማለት ጥቅልል ማለት መሆኑን አስታውሶ ወደ ክታብ ወሰደን። የእኛ ክታብ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ተሰፍቶ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ሲነበብም ያለፈው ወደ ላይ እየተጠቀለለ አዲሱ ከታች ይመጣል። እንግዲህ ደብተራው ቴሌታይፑን በብዙ ዘመን ቀድሞታል አለ። ቀልድ ነው። ግን ደግሞ ውሸት አይደለም።

መልስ 13 እና 14

አንዲት ሴት ክታብን ከኮምፒውተር ጨዋታ ጋር ማነጻጸር እንዳላማራት ጻፈች። ሌላው ክታብ ጥንቆላ ነው፣ እዚህ ባይነሳ ብሎ ተቆጣ። ሁለቱ እርስ በርስም አልተስማሙም፤ ለአንዷ የተከበረ ስለሆነ፣ ለሌላው ያልተከበረ ስለሆነ ነው ቁጣቸው። አወያዩ መጥቶ ወደ መኪናው እንድንመለስ ለመነን።

መልስ 15

ወደ መኪናው መለሰን። ወደ ላይ መንዳት የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይ መሆኑን ነው የተናገረው። ታይቶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1974 ስፒድ ሬስ የሚባል የመጫወቻ ቤት ማሽን አውጥቶ ነበር። የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው፤ ኋላ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን የሠራው። እዚያ መኪናው ከታች ነው፤ መንገዱም ከላይ ወደ ታች ይፈሳል። ማሽኑ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ነውና። ቤት ያለችው ትንሿ ኮምፒውተር ግን የተሠራችው ጽሑፍ እንድታሳይ ነው። መኪናውን በሰው ቤት እንግዳ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ አለን።

መልስ 16

መምህርቷ ተመለሱ። ሁላችንም የዘለልነው ነገር እንዳለ ነገሩን፤ ማሽኗ መጋጨትዋን በምን ታውቃለች? መኪናዋ ያለችበት መስመር ላይ ያለው መንገድ የተሳለው ከብዙ ዙር በፊት ነው። የት እንደነበረ የሚያስታውስ ተለዋዋጭ የለም፤ ለዚያ የሚሆን ሜሞሪም የለም። ዘዴው ፒክ፣ ማለትም ሜሞሪ ውስጥ ያለን ቁጥር የምታነበው ትእዛዝ፣ ናት። ፕሮግራሙ መጻፊያውን መኪናዋ ልትቀመጥ ወደምትሄድበት ቦታ ይወስዳል፤ ከዚያ 16398 እና 16399 የሚባሉትን ሁለት አድራሻዎች ያነባል። እነሱ መጻፊያው አሁን የት እንዳለ ይነግሩታል። እዚያ ያለው ቁጥር 0 ከሆነ ባዶ ነው፤ እለፍ። 128 ከሆነ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ተጋጭተሃል። መንገዱን የሚያስታውሰው ስክሪኑ ራሱ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቻቸው ይህን ሲረዱ ፊታቸው ላይ የሚያዩትን ነገር እስካሁን እንደሚናፍቁት ጻፉ።

መልስ 17

የማሽን ቋንቋ የሚችል ሰው። ወደ ታች የምትገፋ እህት የለችም የሚለውን መልስ 1 አረመው። ቤዚክ ውስጥ የለችም እንጂ በማሽኗ ልብ፣ በዚ80 ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለች። ኤልዲዲአር ትባላለች፤ ከኋላ ጀምራ ባይት በባይት ታሻግራለች። 23 መስመር 759 ባይት ነው። ለእያንዳንዱ 21 የሰዓት ምት ቢወስድ፣ በ3.25 ሜጋኸርዝ 5 ሚሊ ሴኮንድ አይሞላም። ስክሪኑ እየታየ ከሆነ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜውን ሥዕሉን በማሳየት ስለሚያጠፋ አራት እጥፍ ያህል ይዘገያል፤ ቢሆንም ዓይን አይይዘውም። ችግሩ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ርዝመት መሆን አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ከጀርባ የሚሰካው ባለ 16 ኪሎባይት ተጨማሪ ሜሞሪ ያስፈልጋል። ኮዱን ሰጠኝ።

መልስ 18

ርዕስ ለቀቅ አድርጎ ስለ አህያ አወራ። በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣ ጨዋታ ነበር፤ የጻፉት ቢል ጌትስና ኒል ኮንዘን ናቸው። መኪና ትነዳለህ፣ አህያ ይመጣብሃል፣ ረጅሙን ቁልፍ ተጭነህ ረድፍ ትቀይራለህ። በቃ ይኸው ነው። ቢል ጌትስ መርካቶ አካባቢ መኪና ነድቶ ያውቅ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ከዚህ በታች ወደ አሥር የሚሆኑ ሰዎች የየራሳቸውን የአህያ ታሪክ ጻፉ። አንዱንም አልጠቅስም፤ ግማሹ ውሸት ነው።

መልስ 29

ይህ የእኔ ነው። ሁለት ሙከራ አድርጌ ነበር። መጀመሪያ ያንኑ ጨዋታ ሳልነካ መኪናዋን ብቻ ወደ 20ኛው መስመር አወረድኳት። መልስ 1 እንዳለው አፍንጫዋ ሥር ፈነዳባት፤ ከሁለት መታጠፊያ በላይ አልሄድኩም። ቀጥዬ ተጨማሪውን ሜሞሪ ከአንድ ሰው ላይ ገዝቼ የመልስ 17ን ኮድ ጻፍኩ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀ። ልክ ሊያልቅ ሲል ልጄ ጠረጴዛውን ነካ አደረገች፤ ሜሞሪው ከጀርባ ተነቃነቀ፤ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ካሴት ላይ አልቀዳሁትም ነበር። እሑድ እንደገና ጻፍኩት።

ሠራ። መኪናዋ ከታች፣ መንገዱ ከላይ። እንደ ዘመኑ ሁሉ። ትንሽ ነዳሁና ደበረኝ። ያ ከእንጦጦ የመውረድ ነገር የለም። ሜሞሪውን ነቅዬ ወደ 1 ኪሎባይቱ ተመለስኩ። መንገዱን ደግሞ የመልስ 4 ልጅ እንደፈራው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ፈቀድኩለት።

መልስ 30

ስንት ጊዜ ቆየህ ብሎ የጠየቀኝ መልስ 7 ነው። ቁጥሩን ነገርኩት። የእሱ እንደሚበልጥ ጻፈ። በየትኛው ማሽን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ብጠይቀውም አልመለሰም።

መልስ 31

አንድ አዲስ ሰው ማሽኗ ትሸጣለች ወይ፣ የመጨረሻ ዋጋ ስንት ነው አለ። አትሸጥም አልኩት። መጽሔቱስ አለ።